የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና፦ ለማን ይነገር?

ለሁሉም የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ከሚያክማችሁና መድኃኒት ከሚሰጣችሁ ባለሙያ ግን አትደብቁ፤ የጥርስ ሐኪሙም፣ ፋርማሲስቱም፣ ድንገተኛ ክፍልም ይወቁ። በተለይ ከባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር ከሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና) በኋላ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች የተሰፋውን ቦታ ሊያቆስሉ ይችላሉ። ቀስ ብለው የሚሟሙ ክኒኖችና የሚዋጥ የወሊድ መከላከያም እንደ ድሮው ላይሠሩ ይችላሉ። "ጨጓራዬን ተሠርቻለሁ" ማለት ብቻ ስለማይበቃ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።

ቀጥሎ አብሯችሁ ለሚኖር አንድ ሰው ንገሩ። ትኩሳት፣ ዕረፍት ላይ ሆናችሁ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል እንዲያደርሳችሁ።

ለአለቃ "የሆድ ቀዶ ሕክምና አለኝ" ይበቃዋል፤ እሱ የሚያስፈልገው የሕመም ፈቃዱና ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ዕቃ እንደማታነሱ ማወቁ ነው። ለቀሪው ሰው አትቸኩሉ፤ በኋላም መንገር ይቻላል፣ የተነገረውን መመለስ ግን አይቻልም። ማዕድ ላይ "ጨምሩ" እያለ ለሚጎተጉት፣ "ሐኪም ትንሽ ትንሽ እንድበላ አዞኛል" በሉት፤ ውሸትም አይደለም።