ሙጫው ይላጣል፣ መስታወቱ ንክች አይልም

የእንስሳት ሙጫ መስታወት ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ ገጹን እየገነጠለ የላባ ቅርጽ እንዲተው የሚደረግ ማስጌጫ አለ። በዚህ ሥራ ለገጣፎና ሰበታ ያሉ መስታወት ቤቶች ደጋግመው የሚያመጡልኝ ብልሽት አንድ ነው። የእንስሳት ሙጫው ደርቆ ይነሳል፤ ግን እንደ ላስቲክ ሙሉውን ተላጦ ይወጣል። መስታወቱ ላይ የላባ ቅርጽ የለ፣ ምን የለ።

ሁሉም ሙጫውን ይረግማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሳንድብላስቱ ነው፤ ማለትም ሙጫው ከመቀባቱ በፊት መስታወቱን በአየር ግፊት በሚረጭ ሻካራ ብናኝ መትቶ የማሻከሩ ሥራ። ሙጫ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር የነከሰውን የመስታወት ገጽ ገንጥሎ ይነሳል። የሚነክሰው ሻካራ ካላገኘ ምኑን ይገነጥላል? በአሲድ የደበዘዘ መስታወትም አይሆንም። ለዓይን ይመሳሰላል፣ በጣት ሲዳሰስ ግን ልስልስ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ የሳሎን በር መስታወት ይዞ መጣ። ሙጫ ቀይሮ ቀይሮ ሰልችቶታል። ባትሪ አብርቼ በጎን አሳየሁት። ኖዝሉ (ብናኙ የሚወጣበት አፍ) ተቻኩሎ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ለስላሳ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ሙጫው ባዶውን የተነሳው ልክ በዚያ መስመር ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ የአምስት ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእጅ ቅባት ያለበትን ቦታ ሙጫ አይዝም። ሳንድብላስት የተመታ መስታወት በባዶ እጅ አይነካም፣ በቃ!

መፍትሄው፦ ሙጫውን ለብ ባለ ውሃ አርሳችሁ አውጡ፣ መስታወቱን አድርቁ፣ ከሁለት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ እንደገና ምቱ። መጀመሪያ ግን ከዚያው መስታወት በተረፈ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። በቴፕ ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ አንዱን ስስ፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ጥልቅ አድርጋችሁ ምቱ። ጀርባው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ሙጫው አንድ ይሁን፣ ውፍረቱም፣ የሚደርቅበት ክፍልም። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ሌላ መስታወት ላይ የተሞከረ ሙከራ ደግሞ ሙከራ አይባልም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙጫው ለስላሳ ሆኖ አልነሳ ካለ እርጥበት ነው። ክፍሉን ዘግታችሁ በኤሌክትሪክ ሂተር አሙቁ። ከሰል በተዘጋ ቤት አታቀጣጥሉ፤ ይገድላል።

ሙጫው ራሱ ደካማ ከሆነ ፈልቶ ነው። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለሙጫው ግን እሱም ብዙ ነው። ነጩን የአናጢ ኮላ አትሞክሩት።

መስታወቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ስስ ነው፤ 6 ሚሊ ተጠቀሙ። ቴምፐር የተደረገ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ፈጽሞ አይሞከርም።

ለሳንድብላስት የወንዝ አሸዋ የሚጠቀሙ አሁንም አሉ። አቧራው ሳንባ ይበላል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ግዙ፣ ማስክ አድርጉ። ሙጫው ሲደርቅ ስብርባሪው ወደ ዓይን ይፈናጠራል፤ ሌሊትም ቢሆን አያቋርጥም። መነጽር ሳታደርጉ ክፍሉ አትግቡ፣ ልጅ አታስገቡ፣ ወለሉን በእጅ አትጥረጉ።