ድሪል ሲመርጡ፦ ጥራትን፣ የአያያዝ ምቾትንና የባትሪ አቅምን ማነጻጸር

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ዋና መንገድ ዳር ወዳሉ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ድሪል ሊገዛ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሥራው ሳይታወቅ ሊመለስ አይችልም። ማኪታም፣ ቦሽም፣ ዲዎልትም፣ ኢንግኮና ቶታልም እያንዳንዳቸው ለቤት ውስጥ ቀላል ጥገና ከሚሆነው አንስቶ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ባለሙያ እስከሚስማማው ድረስ ልዩ ልዩ ሞዴሎች ስላሏቸው፣ የአንዱን ትንሽ ማሽን ከሌላው ትልቅ ማሽን ጋር አስተያይቶ በስሙ ላይ መፍረድ ፍትሐዊ አይሆንም። ንጽጽሩ ዋጋ የሚኖረው ቮልታቸው እኩል፣ የሞተራቸው ዓይነት አንድ፣ ፑንታ (መብሻውን ብረት) የሚነክሰው አፋቸውም ስፋቱ ተመሳሳይ የሆነ ማሽኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

እንግዲያው መጀመሪያ የሚበሳውን ነገር ይለዩ። በደሴ አሮጌ ሰፈሮች በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራ ቤት፣ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ መሠረት፣ አዲስ የብሎኬት ግድግዳና የኮንክሪት ዓምድ በአንድ ግቢ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ለእንጨትና ለጭቃ ግድግዳ 12 ቮልት የሆነ ትንሽ የባትሪ ድሪል ይበቃል፤ የጭቃ ግድግዳ ሲበሳ ፑንታው እየዞረ የሚመታበት ስልት ከተከፈተ ልስኑ ስለሚረግፍ በማዞር ብቻ መሥራት ይገባል። ብሎኬትም ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ በመሆኑ ያለ ምት ቢበሳ ቀዳዳው ንጹሕ ይሆናል፤ ፊሸሩም አጥብቆ ይይዛል። በኮምቦልቻ በብዛት የሚታየው የበርና የመስኮት ብረት ሥራ ደግሞ ሌላ ጠባይ ይጠይቃል፦ ብረት የሚበሳው በዝግታና በጉልበት እንጂ በፍጥነት ስላልሆነ፣ ዙሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግ የሚያስችል ማሽን ያስፈልጋል። መብራት ባለበት ወርክሾፕ ቀኑን ሙሉ ላሜራና ቱቦ ለሚበሳ ሰው ባለገመዱ ድሪል እስከ ዛሬም ድረስ የተሻለ ምርጫ ነው።

ኮንክሪትና ጥቁር ድንጋይን በሚመለከት ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሁለት የተለያዩ ማሽኖችን እንደ አንድ በመቁጠር ነው። ተራው የሚመታ ድሪል በውስጡ ጥርስ ያላቸው ሁለት ዲስኮች እርስ በርስ እየተዳለጡ የሚፈጥሩትን አጭር ምት ይጠቀማል፤ ምቱ የሚበረታው የሚሠራው ሰው በክንዱ በገፋ መጠን ስለሆነ ሰውየውንም ፑንታውንም ያደክማል። ሮታሪ ሀመር የሚባለው ግን በሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር ፒስተኑን ወደ ፊት እየወረወረ እንዲመታ ያደርገዋል፤ እጅ የሚጠበቅበት አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ነው። ቦሽ በ1975 ያስተዋወቀው ኤስዲኤስ የተባለው የፑንታ አያያዝ ለዚህ ማሽን የተሠራ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው የቦሽ ሮታሪ ሀመር፣ ጂቢኤች 2-26፣ የአንድ ምቱ ጉልበት 2.7 ጁል (የጉልበት መለኪያ) ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ቀዳዳ ኮንክሪት ላይ ለሚበሳ ቤተሰብ ተራው የሚመታ ድሪል ያገለግላል፤ የኤሌክትሪክ ቱቦና የውሃ መስመር ለሚዘረጋ ባለሙያ ግን በየትኛውም ስም ቢሆን ተራውን ድሪል ገዝቶ ኮንክሪት ላይ ማድከም የማሽኑን ማርሽ በከንቱ መጨረስ ነው።

ወደ ብራንዶቹ ስንመጣ፣ ስለ ቦሽ መታወቅ ያለበት ትልቁ ነገር ቀለሙ ነው። ሰማያዊው ለባለሙያ፣ አረንጓዴው ለቤት ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ የሁለቱ ወገን የ18 ቮልት ባትሪዎችም እርስ በርስ አይገጥሙም። ማኪታ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን በ1915 በናጎያ የተመሠረተ ነው፤ ኤልኤክስቲ የሚባለው የ18 ቮልት ባትሪው ከድሪል አልፎ ግራይንደር፣ መጋዝና የመብራት ፋኖስ ሳይቀር በአንድ ባትሪ የሚያሠራ ሰፊ ቤተሰብ አለው። ዲዎልት አሜሪካዊ ነው፤ ከውጭ ዘመድ የሚልከው ዲዎልት ቻርጀሩ 120 ቮልት ብቻ ሊሆን ስለሚችል በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት የቻርጀሩ ጽሑፍ ሊነበብ ይገባል። 120 ቮልት ብቻ የሆነ ቻርጀር ስፒናው እንደገባ ሊቃጠል ይችላል። በዲዎልት ላይ «20 ቮልት» የሚለው ጽሑፍም ከሌሎቹ 18 ቮልት አይበልጥም፤ ሁለቱም አምስት ሴል (ትንንሽ ባትሪ) የተደረደረበት ባትሪ ሲሆኑ፣ «20» የሚለው የሞላ ባትሪ ያለ ሥራ ሲለካ የሚያሳየውን፣ «18» የሚለው በሥራ ላይ የሚሰጠውን መጠን ይናገራሉ። ኢንግኮና ቶታል የቻይና ሥሪቶች ናቸው፤ ዋጋቸው ቀለል ያለ ነው፤ በእኔ አመለካከት ለቤትና ለመካከለኛ ሥራ ከተመረጡ የሚያሳፍሩ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ባለሙያ ግን ሰማያዊውን ቦሽ ወይም ማኪታን አስቀድማለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም መለዋወጫቸውን የሚያውቅ ጠጋኝ ማግኘት የሚቀል መሆኑ ነው።

ጥራትን በሱቁ ውስጥ፣ ቆመው፣ በጥቂት ደቂቃ መመርመር ይቻላል። ረጅምና ቀጥ ያለ ቀጭን ፑንታ እንዲገባበት ይጠይቁና ምላጩን (በጣት የሚሳበውን ማስነሻ) በቀስታ እየሳቡ የፑንታውን ጫፍ ይመልከቱ። ጫፉ በቦታው ቆሞ የሚሽከረከር ከሆነ ዘንጉና መንከሻው በትክክል ተሠርተዋል፤ ክብ እየሠራ የሚወዛወዝ ከሆነ የሚበሳው ቀዳዳ ሁሉ ከልኩ ይሰፋል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ይላላል። ፑንታውን ሲለዋውጡ ጥፋቱ የፑንታው እንዳልሆነ ያረጋግጣሉ። ከዚያ ምላጩ ከዝግታ ወደ ፍጥነት የሚሸጋገረው በእርጋታ ነው ወይስ በድንገት ዘልሎ ነው የሚለውን፣ ሲለቁትም ወዲያው ቀጥ ይላል ወይስ ይንሸራተታል የሚለውን ያስተውሉ። የማርሹ ድምፅ አንድ ወጥ ሊሆን ይገባዋል፤ የሚንኳኳ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ በአዲስ ማሽን ላይ ይቅርታ የለውም።

የመጠምዘዝ ጉልበትን የሚገልጸው ቁጥር በኒውተን ሜትር ይጻፋል፤ ሁለት ዓይነትም ነው። አንደኛው ብረት በብረት ላይ በድንገት ሲጠብቅ፣ ሌላኛው ቪቴ እንጨት ውስጥ ቀስ እያለ ሲገባ የሚለካ ነው። የማኪታ ዲኤችፒ484 የመጀመሪያው 54፣ ሁለተኛው 30 ነው፤ የቦሽ ጂኤስቢ 18ቪ-50 ደግሞ 50 እና 28 ነው። ሻጮች ትልቁን ብቻ ይጠራሉ፤ አናጢ የሆነ ሰው ግን ሊያየው የሚገባው ትንሹን ነው። የማኪታ ዲኤችፒ482 ካርቦን ያለው የቆየ ዓይነት ሞተር ይዞ 62 እና 36 መድረሱ፣ ብረሽለስ (ካርቦን የሌለው ሞተር ያለው) የሆነው 484 ከእርሱ ማነሱ፣ «ብረሽለስ ከሆነ ጉልበቱ ይበልጣል» የሚለውን አባባል ልክ እንዳልሆነ ያሳያል። የብረሽለስ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ካርቦን ስለማያልቅበትና ሙቀቱ ስለሚቀንስ ዕድሜው ይረዝማል፤ በአንድ ባትሪም ብዙ ይሠራል። በሌላ በኩል ካርቦን ያለው ሞተር ሲደክም በርካሽ ካርቦን ተቀይሮለት ይነሣል፤ የብረሽለስ ሰሌዳ ከተቃጠለ ግን ክፍሉን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ካርቦን ያለውን ሲመርጡ የዚያ ሞዴል ካርቦን በዚያው ሱቅ ይገኝ እንደሆነ ጠይቀው፣ ከተገኘ አንድ ጥንድ አብረው ቢገዙ መልካም ነው።

ምቾት በወረቀት ላይ አይነበብም፤ ማሽኑ ባትሪው ገብቶበት መያዝ አለበት። ባዶውን ማሽን አንሥቶ «ቀላል ነው» ማለት ብዙዎችን ያታልላል። ባትሪው ከገባ በኋላ መሃል ጣትና ቀለበት ጣት ላይ ብቻ አንጠልጥለው ቢይዙት፣ አፍንጫው ወደ መሬት የሚወድቅ ወይም ባትሪው ወደ ኋላ የሚጎትተው ከሆነ ሚዛኑ ጥሩ አይደለም፤ ያንን ጉድለት ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው የእጅ አንጓ ነው። ኮርኒስና ጂብሰም ቦርድ የሚሠራ ሰው እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ስለሚውል፣ ለእርሱ አጭርና ቀላል ማሽን ከትንሽ ባትሪ ጋር ከማንኛውም ትልቅ ቁጥር ይበልጥበታል። መያዣው ለእጅዎ እንዳይወፍር፣ አመልካች ጣትዎ ምላጩ ላይ ሳይንጠራራ እንዲያርፍ፣ ጓንት ለብሰውም ማዞሪያውን መቀየር እንዲችሉ ይሞክሩ። የጎን መያዣ ያለው ማሽን ከሆነ መያዣውን ትተው አይሂዱ፤ ፑንታው በብረት ውስጥ በድንገት ሲነክስ ጉልበተኛ ማሽን የእጅ አንጓን የመጠምዘዝ አቅም አለው። የንዝረቱ መጠን በመመሪያው ላይ በሜትር በሰከንድ ካሬ ተጽፎ ይገኛል። የአውሮፓ ሕግ በቀን አማካይ ንዝረቱ 2.5 ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ5 በላይ ደግሞ እንዳይሆን ስለሚያዝ፣ ሁለት ማሽኖች በሌላው ሁሉ እኩል ሲሆኑ ንዝረቱ አነስተኛ የሆነው ይመረጥ።

ባትሪው ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው፤ ከማሽኑ ዋጋ ትልቁ ድርሻ ያለበት፣ ማጭበርበርም የበዛበት እዚህ ላይ ነው። የባትሪ አቅም የሚታወቀው ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ተባዝቶ በሚገኘው ዋት ሰዓት ነው። 18 ቮልት 2 አምፔር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ይሆናል። በገበያ ላይ «48»፣ «88»፣ እንዲያውም «128 ቮልት» የሚል የተጻፈባቸው የታወቀ ብራንድ የሚመስሉ ድሪሎች ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ቻርጀሩን ገልብጠው ከ«አውትፑት» ትይዩ የተጻፈውን ይመልከቱ፤ 21 ቮልት የሚል ከሆነ ባትሪው ተራ አምስት ሴል ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም።

አምፔር ሰዓቱንም በሚዛን ማጣራት ይቻላል። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ በብዛት የሚገባው 18650 የሚባለው ሴል እያንዳንዱ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 5 አምፔር ሰዓት ለመሙላት ብዙውን ጊዜ አሥር እንዲህ ያለ ሴል ስለሚያስፈልግ፣ ከነሽፋኑ ከ600 ግራም በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። በትልልቆቹ ሴሎች የተሠራ ባለ አምስት ሴል ባትሪ ቀለል ሊል ይችላል፤ ሆኖም «5 አምፔር ሰዓት» ተብሎ ከ400 ግራም በታች የሚመዝን ባትሪ እውነተኛ ሊሆን አይችልም። ሚዛን ያለው ሱቅ በአካባቢው አይጠፋም፤ ባለሱቁን በትሕትና አስፈቅዶ ባትሪውን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የሚያስነውር ነገር የለውም።

ከአንድ ትልቅ ባትሪ ሁለት መካከለኛ ባትሪ ይሻላል እላለሁ፤ አንዱ ሲሞላ በሌላው ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ቻርጀሩም ይነጻጸር። የማኪታ ዲሲ18አርሲ የሚባለው ፈጣን ቻርጀር ባለ 3 አምፔር ሰዓቱን ባትሪ በ22 ደቂቃ፣ ባለ 5 አምፔር ሰዓቱን በ45 ደቂቃ ይሞላል፤ ከርካሽ ማሽኖች ጋር የሚመጡት ትንንሽ ቻርጀሮች ግን ሰዓታት ይወስዳሉ። መብራቱ በተቆራረጠበት ቀን ይህ ልዩነት የአንድ ቀን ሥራ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የአየሩ ጠባይም በባትሪው ላይ ይሠራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳዋ የሚቆረጥም ናት፤ ሐረጎን ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ቀትሯ ይሞቃል። የማኪታ መመሪያ ባትሪ ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት እንዲሞላ ያዛል። ስለዚህ በደሴ ሌሊቱን መጋዘን ያደረ ቀዝቃዛ ባትሪ ወደ ቤት ገብቶ ብርዱ ለቀቅ እስኪለው ድረስ ቻርጅ ላይ አይሰካ፤ በኮምቦልቻም ከከባድ ሥራ የወጣ ትኩስ ባትሪ ጥላ ሥር ቀዝቅዞ ይሞላ። ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት ባትሪ ደግሞ ባዶም ሙሉም ሳይሆን ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ከማሽኑ ተነቅሎ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል።

ሁለት ማሽኖች እስከ መጨረሻው እኩል ሆነው ካስቸገሩ፣ በተመሳሳይ አዲስ ፑንታ፣ በአንድ የባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ፣ ባትሪዎቹ እኩል ሞልተው ሳለ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሞክሩ፤ በየጥቂቱም የሞተሩን አካል በእጅዎ ይዳስሱ። ቀድሞ የሚግለውና ጭነት ሲበዛበት ድምፁ የሚሰበረው ማሽን በቀን ሥራ ላይ አይዘልቅም። ሲስማሙም በደረሰኙ ላይ የሞዴሉ ስምና የመለያ ቁጥሩ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ቁጥሩ ማሽኑ ላይ ከተለጠፈውና ከሳጥኑ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ያመሳክሩ፤ ዋስትና አለ ከተባለም ለስንት ጊዜ እንደሆነና ባትሪውን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ።