ያረጀ የእንጨት ቴኒስ ራኬት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው ለጎጃም ሰብሳቢዎች

በጎጃም የእንጨት ራኬት የሚሰበስብ ሰው ከሁለት ተቃራኒ አየሮች ጋር ይታገላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብና ጉም እንጨቱን በእርጥበት ያሳብጠዋል፤ ከኅዳር በኋላ ደግሞ የበጋው ደረቅ ነፋስና የቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት ያንኑ እርጥበት በፍጥነት ይመጠዋል። ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ የኖረ ራኬትና ባሕር ዳር ጣና ዳር የተሰቀለ ራኬት የሚያሳዩት ምልክት ቢለያይም፣ አብዛኛው ጉዳት መነሻው አንድ ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ሲስብና ሲለቅ ይሰፋል፣ ይጠብባል፣ የተወጠረው ክር ግን ያለ ዕረፍት ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ስለዚህ ምልክቱን ለይቶ መንስኤውን ከማቆም በፊት ሙጫም ሆነ ቫርኒሽ ማንሣት ትርፉ ድካም ነው።

የራኬቱ ራስ ሲጣመም

ራኬቱን በጠፍጣፋ መስታወት ወይም ልክ በሆነ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ የራሱን ዙሪያ በጣት ተራ በተራ መጫን የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ አንዱን ወገን ሲጫኑት ሌላው ብድግ ካለ ተጣሟል ማለት ነው። ሁለተኛው ምርመራ እጀታውን ወደ ፊት አቅርቦ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ እንደ ጠብመንጃ አነጣጥሮ በጠርዙ በኩል መመልከት ነው፤ በዚህ መንገድ ጠረጴዛው የማያሳየው የእጀታ መዞርም ይገለጣል።

የእንጨት ራኬት በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ራሱን በሁለት የእንጨት ፍሬሞች መካከል አስገብተው በአራት ብሎኖች ያጠብቁት ነበር። ይህ መያዣ ፕሬስ ይባላል፤ ራኬቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የለም። መያዣ የሌለው ራኬት የጭቃ ግድግዳ ተደግፎ ክረምቱን ሲያሳልፍ ግድግዳውን የነካው ፊቱ ከሌላው አብልጦ እርጥበት ይጠጣል፣ የክሩ ጉተታም ወደ ለሰለሰው ወገን ያጋድላል። በክሩ አማካይነት ምስማር ላይ መስቀልም ጉዳቱን ያፋጥናል።

መያዣውን ማንኛውም አናጺ ሊሠራው ይችላል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ራሱ ስለሚጣመም ራኬቱን ይዞት ይዞራል። በእጅ የሚዞር ዳዶና ሰፋ ያለ ሮንዴላ ቢኖረው መልካም ነው፤ በቁልፍ ማጥበቅ ግን አይገባም። ዳዶዎቹን በሰያፍ እያፈራረቁ፣ በየጥቂት ቀኑ የሩብ ዙር ያህል ብቻ እየጨመሩ፣ ሥራውን ለሳምንታት ማዘግየት ያስፈልጋል። ለዚህ ከመስከረም መጨረሻ የተሻለ ጊዜ የለም፤ እንጨቱ ገና ለስላሳ ሳለ ተይዞ በበጋው ቀስ እያለ ይደርቃልና። በአንድ ቀን ለማቃናት የሚደረግ ትግል ብዙውን ጊዜ በስንጥቅ ያልቃል።

በእንፋሎት ማቃናትን የሚመክሩ አሉ። እኔ አልስማማበትም። የብዙዎቹ አሮጌ ራኬቶች ስስ የእንጨት ንጣፎች እርስ በርስ የተጣበቁት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ ነው፤ ይህ ሙጫ ደግሞ ሙቀትና ውኃ ሲያገኝ ይፈታል። ለዓሥርት ዓመታት ተጣሞ የኖረ ራኬት ሙሉ በሙሉ ባይቃናም፣ ጥቂት ጠመም ያለና ንጣፎቹ የተያያዙ ራኬት ከቀጥተኛና ከተላቀቀ ይሻላል።

ክሩ ሲበጠስ ወይም ሲላላጥ

በቅድሚያ ክሩ ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። የድሮው ምርጥ ክር ከከብት ወይም ከበግ አንጀት የሚሠራ ጅማት ነው፤ በገና ደርዳሪ ያለበት ቤት ይህን ነገር ከነጠባዩ ያውቀዋል። ከተበጠሰው ጫፍ ጥቂት ቆርጦ በክብሪት ማቃጠል ልዩነቱን ያሳያል፤ ጅማት የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ናይለን ግን ቀልጦ ይድቦለቦላል። ጅማት በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ ይላላጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ማንም ሳይነካው ሌሊት ሊበጠስ ይችላል።

ከተበጠሰው ክር ይልቅ የሚያሰጉት ያልተበጠሱት ናቸው። በአንድ ወገን ጉተታው ሲጠፋና በሌላው ሲቀጥል የራሱ ቅርጽ ይዛባል፤ ስለዚህ ቀሪውን በዚያው ቀን ማላላት ያስፈልጋል። አሰራሩን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከሁለቱም ፊት ካነሡ በኋላ፣ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ እየወጡ፣ አንድ የቁም ክር ከዚያ አንድ የአግድም ክር እያፈራረቁ መቁረጥ ነው። በራሱ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ አንዳንዴ የሚገኘውን ቀጭን ባለ ቀለም የጌጥ ክር ማስቀረት ይገባል፤ የሰብሳቢ ዓይን የሚያርፍበት እርሱ ነውና።

ሙሉና የመጀመሪያ የሆነ ክር ያለው ራኬት ግን፣ ቢጠቁርም ቢላላም፣ ባይነካ ይሻላል። እንደገና ማስወጠር ግድ ከሆነ ለእይታ ብቻ የሚቀመጠው ከ30 እስከ 40 ፓውንድ፣ ማለትም ከ14 እስከ 18 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ ጤነኛ ሆኖ ሊጫወቱበት ለሚፈልጉት ደግሞ ከ45 እስከ 55 ፓውንድ መካከል ይበቃል። የእንጨት ራኬት ወጥሮ የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያ ካልተገኘ ያለ ክር መያዣው ውስጥ ማስቀመጥ ነውር የለበትም።

ንጣፎቹ ሲላቀቁ

ከራሱ ወደ አንገቱ በሚወርድበት ትከሻ ላይ የሚታይ መስመር ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን አለማወቅም ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። መስመሩ በሁለት ንጣፎች መካከል ቀጥ ብሎ ከሄደ የተለቀቀው ሙጫው ነው፤ ይህ ይጠገናል። መስመሩ የእንጨቱን ቃጫ አቋርጦ በሰያፍ ከዘለለ ግን የተሰበረው እንጨቱ ራሱ ነው፤ ቢጣበቅም ከዚያ ወዲያ ክር ሊወጠርበት አይገባም። ሻጩ ሁለቱንም «ትንሽ መሰንጠቅ» ይላቸዋል።

የሙጫው መለቀቅ ዋና ምክንያት ድንገተኛ ሙቀትና ድርቀት ነው፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ላይ ማስቀመጥና በመኪና መስኮት ሥር ማጓጓዝ ከሁሉ ይከፋሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ራኬት የዓባይ በረሃን ወርዶ ደጀን ብርድ ላይ ስለሚወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁለት አየር ያያል፤ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ሻንጣ መሐል ቢቀመጥና ቤት ሲደርስም ወዲያው ሳይፈታ ቢያድር ይጠቀማል።

ጥገናው የሚጀምረው ክሩን በማላላት ነው። ቀጥሎ ክፍተቱን በደረቅ ቀጭን ብሩሽ ማጽዳት፣ ከዚያም ያለ ሙጫ በእጅ ጨብጦ መዘጋቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ ያለ ሙጫ የማይዘጋ ክፍተት በሙጫም በግድ ካልሆነ አይዘጋም። የእንጨት ኮላ በቀጭን ስንጥር ወይም በሲሪንጅ አስገብቶ፣ የተረፈውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ሞርሳ ለ24 ሰዓት መያዝ ነው። በሰከንድ የሚደርቀው ሙጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ እንጨቱ ሲነፋና ሲጠብብ አብሮት አይሄድም፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝም መንገድ ይዘጋበታል።

ቀዳዳና ዱቄት ሲታይ

ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች የእንጨት ጢንዚዛ የወጣበት በር ናቸው፤ ራኬት ብዙ ጊዜ የሚሠራበትን አሽ የተባለውን እንጨት እነዚህ ነፍሳት ይወዱታል። ዋናው ጥያቄ ነፍሳቱ አሁንም ውስጥ መኖራቸው ነው። ራኬቱን በጥቁር ወረቀት ላይ አስተኝቶ ጥቂት ቀን ቆይቶ ማየት ነው፤ አዲስና ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ ሥራቸውን አላቆሙም።

ራኬቱን ከሌሎቹ ለይቶ፣ በወፍራም ላስቲክ አሽጎ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ለሁለት ሳምንት ማቆየት ይገድላቸዋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሲወጣ ላስቲኩ ሳይፈታ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጤዛው በእንጨቱ ላይ ያርፋል። ለጎተራ የሚገዛውን የነቀዝ ክኒን ራኬት ባለበት ክፍል ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ከእርሱ የሚወጣው ጋዝ በዚያ ቤት የሚያድረውን ሰው ይገድላል። ምስጥ የተለየ ነገር ነው፤ የአፈር መንገዱን ሠርቶ ከወለልና ከግድግዳ ስለሚመጣ ራኬቱን ከሁለቱም ማራቅ ይበቃል።

ቫርኒሹና እጀታው

የነጣ ቫርኒሽ እርጥበት ያገኘው ነው፤ ቀስ ብሎ በጥላ ሲደርቅ አንዳንዴ በራሱ ይመለሳል። የምድጃ ጥቀርሻ በጥቂቱ በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይለቃል። አልኮልም ሆነ ቤንዚን አይነካው፤ ሼላክ የተባለው ጥንታዊ ቫርኒሽ በአልኮል ይሟሟል፣ የፋብሪካው ስምና ሥዕልም አብሮ ይሄዳል። ብርጭቆ ወረቀት ያረፈበት ራኬት ለሰብሳቢ ግማሽ ዋጋውን እንዳጣ እቆጥረዋለሁ። የእጀታው ቆዳ ሻጋታ ካወጣ ከቤት ውጭ በጥላ አድርቆ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው፤ በአገራችን ልማድ ቅቤ መቀባት ግን ይቆመጥጣል፣ አይጥም ይጠራል።

ዕድሜውና ዋጋው ሳይገጥም ሲቀር

«መቶ ዓመቱ ነው» የሚባለው ራኬት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣው ጥቀርሻን እንደ ዕድሜ ከማየት ነው። የተሻለው ማስረጃ በእንጨቱ ላይ የታተመው የተጫዋች ስም ነው። አሜሪካዊው ተጫዋች ጃክ ክሬመር የእንግሊዙን ታላቅ ውድድር ዊምብልደንን ያሸነፈው በ1947 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ስሙን የያዘው የዊልሰን ራኬት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሊሆን አይችልም። የፋብሪካ ስም ብቻውን ግን አይበቃም፤ የደንሎፕ ፋብሪካ ማክስፕላይ ራኬት በ1931 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ለአምስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ስለተመረተ የቅርቡም የሩቁም በአንድ ስም ይጠራል። የቤልጅየሙ ዶናይ ራኬትም በአብዛኛው የስዊድናዊው ተጫዋች የቢዮርን ቦርግ ዘመን ሥራ ሲሆን በብዛት ይገኛል። ከአንድ ወጥ የታጠፈ እንጨት የተሠራ ራስ በአመዛኙ የቀደመው ዘመን ነው፤ በርካታ ስስ ንጣፎች ተደራርበው የሚታዩበት በአብዛኛው ከ1930ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ተጫዋች ያኒክ ኖህ በ1983 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይን ውድድር በእንጨት ራኬት ካሸነፈ በኋላ ዘመኑ በፍጥነት ስለተዘጋ ሳይሸጥ የቀረ ብዙ ራኬት በየቤቱ ቀርቷል፤ ለ1970ዎቹ ራኬት የጥንታዊ ቅርስ ዋጋ የሚጠይቅ ሻጭ ካለ ንጣፎቹንና ስሙን አሳይቶ ዋጋውን ማስቀነስ ይቻላል።