የአካባቢ ታሪክ ዐውደ ርእይን ከበጎ አድራጎት መዋጮ ጋር ለማዘጋጀት

ለአካባቢ ታሪክ ዐውደ ርእይ የሚሆነው ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና የሥራ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በነዋሪዎች አልበምና ሣጥን ውስጥ ስለሚገኝ፣ የአዘጋጁ ከባዱ ሥራ አዳራሹ ከመከፈቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት በሰው ቤት ተቀምጦ የሚሠራው ነው። ዕቃው ከባለቤቱ እጅ ከመውጣቱ በፊት የውሰት ቅጽ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። በቅጹ ላይ የዕቃው ዓይነትና መጠን፣ ቀድሞ የነበረበት ጉዳት፣ የሚመለስበት ቀን፣ እንዲሁም ባለቤቱ ስሙ እንዲጠቀስ መፍቀድ አለመፍቀዱ ይሰፍራል፤ ሁለቱም ወገኖች ከፈረሙ በኋላ አንደኛው ቅጂ ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ማስፈረም ያሳፍራል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጠብ ሲነሣ ያየሁት ሁልጊዜ ባልተፈረመበት ዕቃ ነው።

ፎቶግራፍ ከሆነ ዋናውን ጭራሽ ባይዋሱት ይመረጣል። ባለቤቱ ባለበት በአንድ ኢንች 600 ነጥብ በሚይዝ ጥራት በስካነር አንሥቶ ዋናውን እዚያው መመለስና ለግድግዳው ቅጂውን አሳድጎ ማሳተም ይቻላል። ጀርባውም አብሮ ይነሣ፤ በእርሳስ የተጻፈ ቀን ወይም የፎቶ ቤት ማኅተም አንዳንድ ጊዜ ከምስሉ የበለጠ ይናገራል። ዋናው መታየቱ ግድ ከሆነ ጠርዙን ብቻ ይዞ ማንሣት፣ ከፀሐይ ማራቅና የሚያርፍበትን ብርሃን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ አለማሳለፍ ያስፈልጋል፤ በብርሃን የደበዘዘ ቀለም አይመለስምና። ፕላስተር በፍጹም አይነካው። ከዓመታት በፊት አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ በፕላስተር ለጥፌ ስነቅለው የሙሽራይቱ ዓይነ ርግብ አብሮ ተላጠ፤ የፎቶግራፉ ባለቤት ምንም አላሉኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፎቶግራፉ ሥር «የድሮ ሠርግ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ይቆጠራል። እነማን እንደሆኑ፣ የትና መቼ እንደተነሡ፣ ፎቶግራፉም ከማን እንደተገኘ በሦስት በአራት መስመር፣ ጎላ ባለ ፊደል ይጻፍ፤ ዓመቱ በእርግጥ ካልታወቀ «ገደማ» የሚለው ቃል ይጨመር። የምስሉ መካከል ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ቢርቅ ቆሞ ለሚያይ ይስማማል። ማንነታቸው ባልታወቀ ሰዎች ፎቶግራፍ አጠገብ ወረቀትና እርሳስ ይቀመጥ፤ «ከግራ ሦስተኛዋ አክስቴ ናት» የሚል ጎብኚ መምጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ካልተመዘገበ ስሙ እንደገና ይጠፋል።

አዳራሹን ዝግጅቱ በሚካሄድበት ሰዓት አስቀድሞ መጎብኘት ይበጃል፤ ጠዋት ጨለማ የነበረው ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሊያርፍበት ይችላል። የአደጋ ጊዜ በሮች አለመቆለፋቸው፣ ዊልቸር የሚያልፍበት መንገድ መኖሩና አዳራሹ የሚይዘው ሰው ብዛት ይረጋገጥ። ሙዚቃ ወይም ግጥም ካለ አጠር ያለ ሆኖ የራሱ ሰዓት ይሰጠው፤ ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ ከጮኸ አረጋውያን ታሪካቸውን ለመናገር ዕድል አያገኙም።

ገንዘብ ማሰባሰብን በተመለከተ አስቀድሞ የአካባቢው ሕግ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ይጣራ። ገንዘቡ ለማን እንደሚውልና የአዳራሹ ወጪ ከመዋጮው ይቀነስ ወይም አይቀነስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ፣ ያው ዓረፍተ ነገር ሳይለወጥ በማስታወቂያውም በመዋጮ ሣጥኑም ላይ ይለጠፍ። ሣጥኑ የታሸገ ይሁን፤ የሚከፈተውም የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ባሉበት ሲሆን፣ ቆጥረው ድምሩን በፊርማቸው ያረጋግጣሉ፣ ገንዘቡም ሳይውል ሳያድር ባንክ ይገባል። ድምሩና የተረካቢው ደረሰኝ በአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ።

የተዋሱት ዕቃ ሲመለስ ቅጹ እንደገና ተነብቦ ዕቃው በባለቤቱ ፊት ይመረመር። ጎብኚዎች በእርሳስ የጻፏቸው ስሞችም ተገልብጠው ከአንድ የታተመ ቅጂ ጋር ለባለቤቱ ይሰጡ።