ያረጀ ስቲከር አንስተው አዲስ ሲለጥፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስቲከር የማነሣውና የምለጥፈው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ደንበኞቼ በአብዛኛው ሚኒባሶችና አይሱዙዎች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በተጎታች ተጭና ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ የምትሄድ የፋይበር ጀልባ ትመጣለች። የመጣው ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ አዲሱ ስቲከር ነው፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፊደሉ፣ ስለ ዋጋው። የእኔ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው አሮጌው ላይ ነው። በጥቂት ወር ውስጥ ጠርዙ ተነስቶ አቧራ የቃመ ስቲከር ሲያዩ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስቲከሩ አይደለም፤ ከሥሩ ሳይጸዳ የቀረው ነው።

በጠዋት ብርድ መንጨት

እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነን። ፀሐዩ ስቲከሩን ያደርቀዋል፤ ልስላሴው ጠፍቶ እንደ ቅርፊት ይሆናል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት፣ ላሜራው ገና በረዶ ሆኖ ሳለ በጥፍር ቢጎትቱት እየተሰባበረ ይወጣል፤ ሙጫው ግን እዚያው ይቀራል። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመው እስከ ከሰዓት ይታገሡ። ሂት ጋን (ትኩስ አየር የሚነፋ ማሞቂያ) ካለ ከአንድ ስንዝር ርቀት እያንቀሳቀሱ ያሙቁት፣ ከሌለ የፀጉር ፎንም ይሠራል። ልኩ ቀላል ነው፦ ላሜራውን በመዳፍዎ ሲነኩት ሞቆ ግን እጅዎን ማቆየት ከቻሉ በቂ ነው። ከዚያ ከአንድ ጥግ ጀምረው፣ ስቲከሩን ወደ ራሱ አጥፈው፣ ቀስ ብለው ይሳቡ። የተቸኮለበት ቦታ ሁሉ ሙጫ ይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የታክሲ ባለቤት የኋላ መስታወቱ ላይ የእመቤታችን ምስል ነበረው፤ ግማሹ ተልጦ ግማሹ ደብዝዟል። ማሞቅ ስጀምር ነጭ ነጠላ ይዞ አጠገቤ ቆመ፤ የሚነሳውን ቁራጭ ሁሉ አንድ በአንድ ተቀብሎ ነጠላው ላይ አኖረ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቅዱሳን ምስል ያለበትን መኪና፣ የሚነሳው ነገር የት እንደሚቀመጥ ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልነካም። መሬት ላይ መጣል የለበትም።

ምላጭን ቀለም ላይ መጠቀም

መስታወት ላይ በውጭ በኩል ምላጭ ምንም አይደለም፣ በሳሙና ውኃ አርጥበው ዝቅ አድርገው ይግፉት። በውስጥ በኩል ግን የማሞቂያ ቀጫጭን መስመሮች ካሉ ይቆርጣቸዋል። ቀለም ላይማ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ጊዜው ያለፈበት የፕላስቲክ ካርድ ጫፍ ይበቃል።

በተለይ የሚያስፈራኝ ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና ነው። ከሥሩ ስቱኮ አለ፣ ቀለሙም በጋራዥ የተረጨ ነው፤ ስቲከሩን ሲስቡት ቀለሙ አብሮ ሊመጣ ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከአይሱዙ በር ላይ እንጀራ የሚያህል ቀለም አንስቼ በራሴ ወጪ አስቀብቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቁ፣ ቀጥሎ በማይታይ ጥግ ላይ በትንሹ ይሞክሩ።

ሙጫውን በቤንዚንና በቲነር ማጠብ

ይህ የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ከሁሉም የከፋውም እሱ ነው። ቲነር በጋራዥ የተረጨ ቀለምን ያሟሟል፤ ጨርቁ ላይ የታክሲውን ሰማያዊ ቀለም ሲያዩ የሚጠርጉት ሙጫ ብቻ እንዳልሆነ ይወቁ። ቤንዚን ደግሞ አጠገቡ ትኩስ ሂት ጋን ካለ እሳት ነው። ማሞቂያውን ነቅለው፣ ቀዝቅዞ፣ ከራቀ በኋላ ብቻ ወደ ፈሳሽ ይሂዱ። ለእኔ የምግብ ዘይት ይበቃኛል። ሙጫው ላይ ቀብቼ ሩብ ሰዓት ያህል እተወዋለሁ፤ ሲለሰልስ በፕላስቲኩ ካርድ ገፍቼ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ዘይቱ ራሱ ደግሞ የአዲሱ ስቲከር ጠላት ነው፤ በሳሙና ውኃ ሁለት ጊዜ ማጠብና በመጨረሻ በአልኮል መጥረግ ግድ ነው። አልኮሉን በአንድ ጨርቅ ቀብተው፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ያንሱት።

ጀልባ ላይ የአክሪሊክ (እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ) መስኮት ካለ አሴቶን የሚባለው ማሟሟያ አጠገቡ አይድረስ፣ ይሰነጣጠቃል።

የአሮጌውን ፊደል ጥላ መተው

ስቲከሩ ተነሥቶም የድሮው ጽሑፍ ይነበባል፤ ተሸፍኖ የቆየው ቀለም ደምቆ፣ ዙሪያው ስለነጣ ነው። በፖሊሽ ዙሪያውን ማደስ ልዩነቱን ይቀንሰዋል። ፖሊሹ ሰም ይተዋልና እንደገና አልኮል ያስፈልገዋል። በጀልባ ግን ነገሩ ከመልክ ያለፈ ነው። ፀሐይ የመታው ጄልኮት፣ ማለትም የፋይበሩ የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን፣ እንደ ጠመኔ ይበናል። ጥቁር ጨርቅ ወስደው ጎኗን ይሹት፤ ነጭ ዱቄት ከያዘ አዲሱ ስቲከር የሚጣበቀው ዱቄቱ ላይ ነው ማለት ነው። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ፖሊሽ መደረግ አለበት።

በውኃ ልክ መተማመን

መኪናው የቆመበት ግቢ ተዳፋት ነው፣ ጀልባዋም ተጎታቹ ላይ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ውኃ ልኩ ትክክል ቢልዎትም ጽሑፉ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ከአካሉ ከራሱ መስመር ይለኩ፦ ለሚኒባስ ከመስኮቱ ሥር፣ ለጀልባ ከጠርዟ። ስቲከሩን ወረቀቱን ሳይልጡ በወረቀት ፕላስተር ያንጠልጥሉት፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ይዩት፣ ጽሑፉንም ጮክ ብለው ያንብቡት። ከዚያ መሐሉ ላይ ፕላስተር አሥረው፣ ግማሹን ልጠው ለጥፈው ወደ ሌላው ግማሽ ይለፉ።

ስለ ፊደሉም ልናገር። የግዕዝ ፊደል ቀጫጭን እግርና ትንንሽ ቀለበት አለው። የሬ፣ የሜ፣ የቄ ቀለበት በቀጭን ፊደል ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ወፍራም ፊደል ይምረጡ።

ውኃ ማብዛት፣ ሰዓት መሳት

ለትልቅ ስቲከር የሳሙና ውኃ ይረዳል፤ ለአንድ ሊትር ግን ጥቂት ጠብታ ሳሙና ይበቃል። ከመሐል ወደ ዳር ይግፉ። ፊደሎቹን ከላይ አንድ ላይ የያዘውን መያዣ ፕላስተር ውኃው ሳይደርቅ ቢልጡት ፊደሉ አብሮ ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። የቀረ አረፋ በመርፌ ይበሳል እንጂ በካተር አይቀደድም።

በቀትር ፀሐይ የጋለ ላሜራ ሙጫውን ወዲያው ይይዘዋል፤ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ብርድም አያስይዘውም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት ይሥሩ። በበጋ የእኛ አካባቢ አቧራ ከሰዓት በኋላ ይብሳል፤ አንዲት ጥራጊ ከሥር ከገባች እስከ መጨረሻው ትታያለች።

በማግሥቱ ላቫጆ መግባት

አዲስ መልክ የያዘ መኪና ባለቤቱን ወደ ላቫጆ ይገፋዋል፤ ይገባኛል። ሙጫው ግን ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ቀናት ይፈልጋል። ቢያንስ ሦስት ቀን አያጥቡት። ከዚያ በኋላም በእጅና በስፖንጅ ቢሆን ይሻላል፤ በግፊት ውኃ ከሆነ የሚያጥበው ልጅ አፈሙዙን አርቆ፣ ከፊት ለፊት እንዲረጭ ይንገሩት። በጎን ከጠርዙ ሥር ከገባ የቀኑን ሙሉ ሥራ በአንድ ደቂቃ ይልጠዋል።