ሐዋሳ ከልጆች ጋር? በጠዋት ውጡ

ቤተሰብ ይዛችሁ ሐዋሳ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ የመጀመሪያውን ጠዋት በእንቅልፍ አታሳልፉት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ድረሱ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያስጠጉ፣ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በስል ቢላዋ ሲገፍፉ ታያላችሁ። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ መላጣ ራሳቸውን ደፍተው፣ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ከትንሽ ልጅ ቁመት የማያንስ ወፍ ነው፤ የእኔዋ ልጅ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ግማሽ ሰዓት ቆማለች። እንዲህ ያለውን ጠዋት ምንም መጫወቻ አይተካውም።

ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ፈልጉ። ጦጣዎቹ ግን ከልጅ እጅ ሙዝ ስለሚነጥቁ ምግብ በቦርሳ ይቆይ።

የጀልባ ሽርሽርም በጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁ፣ ከሌለ ጀልባውን ተዉት። ጉማሬ ካያችሁም አስጠጋን አትበሉ።

ልጆቹ ውሃ ውስጥ እንዲገቡ አትፍቀዱ፤ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚባል ከውሃ የሚይዝ በሽታ አለ። መዋኘት ካማራቸው ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ ላንጋኖ ሐይቅ ጎራ በሉ።