ሰው የሚታደንባቸው ፊልሞች፡ ከየት ጀምራችሁ እንዴት እንደምታዩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጀመዓ ሰብስባችሁ ማታ ፊልም ለምታዩ ነው ይሄን ምፅፈው። ሰው ለመዝናኛ ሚታደንበትን ፊልም ብዙው ልጅ ሚመርጠው በደሙ ብዛት ነው፣ እኔ ግን አዳኙን እዩት ነው ምለው፣ ጠመንጃውን የያዘው ማነው፣ ህጉን ማን አወጣው፣ ቁጭ ብሎ ሚያጨበጭበውስ ማነው፣ እሱን ከያዛችሁ ተራ ሚባለው ፊልም ራሱ ብዙ ይናገራል።

መጀመሪያ ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌምን እዩ፣ የ1932 ነው፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጠራው። ጥቁርና ነጭ ነው ብላችሁ አትሽሹት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቀቅ ቢል ነው። ከሪቻርድ ኮኔል የ1924 አጭር ልብወለድ የተወሰደ ነው፣ ዛሮፍ ሚባል ባላባት መርከብ የሰጠመባቸውን ሰዎች ደሴቱ ላይ ያድናል፣ ከዛ በኋላ የመጣው አብዛኛው ከሱ የተቀዳ ነው። ጫካውን ልብ በሉት፣ ለኪንግ ኮንግ ፊልም የተሰራው ጫካ ነው፣ ተዋናይዋ ፌይ ሬይም ሁለቱም ላይ አለች።

ቀጥሎ ተርኪ ሹት፣ 1982፣ የአውስትራሊያ። ፍላሽ ሚጭኑ ልጆች ጋ በዚህ ስም ካጣችሁት አሜሪካ ውስጥ ኢስኬፕ 2000፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ብለድ ካምፕ ታቸር ተብሎ ነው የወጣው፣ በነሱም ጠይቁ። ለመንግስት አልመች ያሉ ሰዎች ተሃድሶ ካምፕ ይገባሉ፣ የካምፑ አዛዥ ከሀብታም እንግዶቹ ጋር እስረኞቹን ለቆ ያድናቸዋል። ድብደባው ከባድ ነው፣ እርቃንም አለው፣ ስለዚህ ቤተሰብ ባለበት ሳሎን በፍፁም አትክፈቱት፣ መጀመሪያ ብቻችሁን አለፍ አለፍ እያላችሁ እዩት።

ዘ ረኒንግ ማን ላይ ስትደርሱ ግን መጀመሪያውን እንዳታልፉት። ፊልሙ የ1987 ቢሆንም ታሪኩ 2017 ላይ ነው፣ አርኖልድ ሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ የተራበ ህዝብ ላይ አልተኩስም ይላል፣ በኋላ ቪዲዮውን ቆራርጠው እሱ ራሱ እንደጨፈጨፈ አድርገው ለህዝቡ ያሳዩታል፣ ህዝቡም አምኖ እሱ በቲቪ ጨዋታ ላይ ሲታደን ያጨበጭባል። እዚህ ጋ አቁማችሁ ብታወሩበት ደስ ይለኛል፣ ስልካችን ላይ በየቀኑ ሚመጣውን የተቆረጠ ቪዲዮ ያየ ሰው ይገባዋል።

ትርጉም ፊልም እወዳለሁ፣ ለነዚህ ግን ኦሪጅናሉን ከነ ሰብታይትሉ ያዙ፣ አዳኞቹ እርስ በርስ ሚያወሩት ነገር ነው ዋናው፣ ተርጓሚው ሲያወራበት እሱ ይጠፋል።

ድምፅ ላይ አደራ። ጦርነት ያለፈበት ከተማ ነው ያለነው፣ ጎረቤት ያሉ እማማ ሌሊት የተኩስ ድምፅ ሲሰሙ ፊልም ነው ብለው አይተኙም፣ ስለዚህ ዝቅ አድርጉት ወይ በጊዜ ጀምሩ። ከጀመዓውም በዛ ጊዜ ሰው ያጣ ካለ ምን እንደምታዩ ቀድማችሁ ንገሩት፣ አልመጣም ካለ አትጎትጉቱት።

ፐኒሽመንት ፓርክን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ የ1971 ነው፣ የፒተር ዋትኪንስ። መንግስትን የተቃወሙ ወጣቶች እስር ወይ በረሃ ምረጡ ይባላሉ፣ በረሃውን የመረጠ ሶስት ቀን ፖሊስ እያሳደደው በረሃው ውስጥ የተተከለ ባንዲራ ጋ መድረስ አለበት። እንደ ዶክመንታሪ ስለተቀረፀ እውነት ነው ሚመስለው። ሁሉንም ለማየት ጊዜ ካጠራችሁ የ1932ቱንና ይሄን ብቻ እዩ፣ በተለያየ ማታ።